ክፉው ይሙት ወይስ ይኑር?

ድንገት ዝናብ ይዞን ከጓደኛዬ ከታምራት ጋር አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልን። ኢንተርኔት ላይ በየሳምንቱ የሚወጣ የጀግኖች ኮሚክ እንከታተላለን፤ ማን እንደሚስለው ግን አይታወቅም። ሰሞኑን ክፉው ሰውዬ ጀግናዋን አስሯታል።

«በቃ ይሙት!» ብሎ ታምራት ጮኸ።

«እሱ ከሞተማ ታሪኩ አለቀ!» አልኩት።

ባለ ሱቁ ሐጂ ኑሪ ከውስጥ ወጥተው፣ «ማን ነው የሚሞተው? አሳዩኝ» አሉ። ስልኬን ሰጠኋቸው። ትክ ብለው ሲያዩ እኔም ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ። የተሰነጠቀው ቅንድብ፣ በሂና የቀላው ፂም፣ ሁሉም ኮሚኩ ላይ ያለው ክፉ ሰውዬ ራሱ! የምገባበት ጠፋኝ፤ በዝናቡ ልሮጥም ዳዳኝ።

ሐጂ ወደ ጓዳ ዞረው፣ «ሀያት፣ ነይ እስቲ!» ብለው ተጣሩ። ልጃቸው እርሳሷን እንደያዘች ወጣች፤ ስልኩን ስታይ ክው አለች።

«እነዚህ ልጆች ይሙት ይኑር እያሉ ይጨቃጨቃሉ» አሏት። «አንቺስ ምን ወሰንሽብኝ?»