በቀይ የታተመች ቃል

«ኮንፊደንሻል» የምትለውን የእንግሊዝኛ ቃል መርሳ ከተማ ለተማሪዎቼ ሳስተምር «ምስጢራዊ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አልፋት ነበር። ትርጉሟ በውል የገባኝ አባቴ ሲታመሙ ነው።

ታላቅ ወንድሜ የአባታችንን የምርመራ ውጤት ከወልድያ ይዞ ሲመጣ፣ መርሳ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፖስታው ላይ ያቺ ቃል በቀይ ታትማለች። ደሴ ላለ ሐኪም እንዲሰጥ የተላከ ነው፤ ወንድሜ ግን አላስችል ብሎት ቀዶታል። እንግሊዝኛው አልገባውም።

«አስተማሪ አይደለሽ? አንብቢው» አለኝ።

የጉበት ካንሰር ይላል። እኔ በሹክሹክታ ብነግረው እሱ ጮክ ብሎ «ካንሰር?» አለ። ከዚያማ ምክር ዘነበ። ከኋላችን የተቀመጡት ሴትዮ አለቀሱ፤ ሹፌሩ ሳይቀር በመስታወት እያየን «ለሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም» አለ። አባታችን የሚኖሩበት ውርጌሳ ስንወርድ ከበሽተኛው በቀር ያልሰማ አልነበረም።

ወንድሜ በር ላይ ክንዴን ይዞ «ወላሂ ብትነግሪያቸው እህቴ አይደለሽም!» አለኝ።

በእኛ ዘንድ ክፉ በሽታ ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። እናቴን «ጨጓራሽ ነው» እያልን ነው የቀበርናት። ምን ልትናዘዝ እንደምትፈልግ እንኳ ሳንጠይቃት ሄደች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ለአባቴ ልነግራቸው ቆርጬ ነበር የገባሁት።

አባቴ ልጆችን ቁርአን ሲያስቀሩ፣ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የፈረንጅ ፊደል ግን አያውቁም። ወንድሜ ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ ሲወጣ እጄ ላይ ያለውን ፖስታ በጣታቸው ጠቆሙኝ።

«ይቺ ቀይዋ ምን ትላለች?»

«ምስጢር ነው ትላለች፣ አባባ።»

«ከማን?»

«ከማይመለከተው ሰው። ለሚታመን ብቻ የሚሰጥ ማለት ነው። ባለቤቱ ግን አንቱ ነዎት።»

«እንግዲያው ንገሪኛ።»

ነገርኳቸው። አንዲት ቃል አላስቀረሁም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ወንድምሽ ገና ሳልመረመር ‹ጨጓራ ይሆናል› ሲለኝ እናትሽ ትዝ ብላኝ ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ደሴ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን አውፍ ተባብለን ይቅር የምንባባላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገ እነሱን ትጠሪልኛለሽ። ለወንድምሽ ግን ማወቄን እንዳትነግሪው። እሱ የቆመው ከእኔ ሸሽጌያለሁ ብሎ ነው።»

ወንድሜ ፊቱ በውኃ እንደራሰ ገባ። «አባባ፣ ጨጓራ ነው አሉ። ደሴ ጎበዝ ሐኪም አለ» አላቸው፤ ዓይናቸውን ሳያይ።

«ጨጓራ ከሆነማ ቀላል ነው። አይዞህ፣ ልጄ» አሉት።

ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር። አባቴ ያላዩ መስለው፣ ደጅ ሊወጡ ጫማቸውን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ።