አርባ አንደኛው ደቂቃ

ኅዳር 16 ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20፣ ላፕቶፔ አልበራ አለ። ቻርጀር ቀየርኩ፤ ሌላ ሶኬት ሞከርኩ፤ ያው ነው።

በዋዜማው ዘገባዎቼን ይቀርጽልኝ የነበረው ካሜራማን ባለቤት ከሰቃ ከተማ ደውላልኝ ነበር። እሱ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። «ወንድሜ፣ ከቀረጻችሁ ውስጥ ድምፁ ያለበት ይኖራል? ስልኩ ላይ ምንም አጣሁ» አለችኝ። አጣራለሁ አልኳት።

ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ እሱ ከካሜራው ጀርባ ዝም ይላል። አልፎ አልፎ ቢናገርም ከዘገባው ቆርጬ የማወጣው እኔ ነኝ። ያልተቆረጠው ጥሬ ቀረጻ፣ ያውም የመጨረሻው ዓመት ብቻ፣ ላፕቶፑ ውስጥ ነበር። የቀደመውን፣ ቦታ ሲያንሰኝ፣ አጥፍቼዋለሁ። ሁለተኛ ቅጂ መያዝ የእሱ ድርሻ ነበር። ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶበት «ክረምቱ ሳይገባ ሌላ እገዛለሁ» ብሎኝ ነበር፤ አልደረሰም።

የላፕቶፑን ጀርባ ፈትቼ ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበትን ኤስኤስዲ አወጣሁ። ማስቲካ የሚያህል ስስ ነገር ነው። ኤስኤስዲ ከትተው በዩኤስቢ ገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙበትን ኬዝ ከገበያ ገዛሁ። አልገባም። ገፋ አደረግሁት። አሁንም አልገባም፤ እጄን ሰበሰብኩ።

ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት ጋ ወሰድኩት።

«ገፍተውታል አይደል፣ ጋሼ?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ! ሚስማር መሰለዎት እንዴ? ይሄ ኬዝ ጥርሱ ሁለት ቦታ ለተከፈለው ነው። የእርስዎ አንድ ቦታ ብቻ ነው።» ወደ መብራቱ አንስታ አየችው። «ኮፒው የት ነው?»

«ጓደኛዬ ነበር የሚይዘው።»

«ታዲያ ይደውሉለታ!»

ቀና ብላ ፊቴን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሂንሶዳቲና፣ አይፍሩ» አለችኝ በኦሮምኛም በአማርኛም። ከመሳቢያዋ ሌላ ኬዝ አወጣች። ኤስኤስዲው ሸርተት ብሎ ገባ። ገመዱን ስትሰካው ትንሿ መብራት በራች፤ በቀንና በቦታ የሰየምኳቸው ፎልደሮች አንድ በአንድ ተዘረዘሩ።

ቤት ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ኬዙን ሰክቼ አሥራ ሁለት ቀን፣ ከሥራ ስመለስ እራት እስኪደርስ አዳመጥኩ። ቤቱን የሞላው የራሴ ጥያቄ ነበር። ጥያቄ፣ መልስ፣ ጥያቄ። አንድ ቀን ጎረቤቴ በአጥር በኩል «ሰሞኑን እንግዳ በዛብህ» አለችኝ።

«እንግዳ የለም» አልኳት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ወደ ሰቃ ደወልኩ።

«አገኘሁ። ሊሙ ገነት፣ ቡና የሚያሰጣ ገበሬ ስናነጋግር ነው። አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ «ፀሐይ ሳትገባ እንጨርስ» ይላል።»

«ሌላስ?» አለችኝ።

«ሌላ የለም። ሁሉንም ሰምቼዋለሁ።»

«እሱ ነው፣ እርግጠኛ ነህ?»

«እሱ ነው።»

ቅዳሜ ሙሉውን ቀረጻ በፍላሽ ገልብጬ ወሰድኩላት። ንግግሩ ሦስት ሰከንድ ነው።