ሙባሪክ "ቼክ" ብሎ የዋሸ ዕለት

ቡታጅራ ገበያ ጀርባ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሙባሪክ ፕሌይስቴሽን ቤት አለው። በሁለቱ ቴሌቪዥኖች መካከል፣ መደርደሪያው ላይ፣ የመምህራችን የጋሽ አበራ የእንጨት ቼዝ ተቀምጦ ነበር። አንዱ ጥቁር ፈረስ ቢጠፋባቸው ከወይራ በሰንጢ ጠርበው ተኩት፤ አንገቱ ጠመም ያለ ስለነበር ሳይስቅ የሚያልፍ ተማሪ አልነበረም። ሲያርፉ ቤተሰቡ ቼዙን ለሙባሪክ ሰጠው።

ጋሽ አበራ አንድ ነገር አይታገሡም ነበር። ንጉሥ ላይ ስትመጣ አፍህን ሞልተህ "ቼክ" ትላለህ። ሳይናገር የመጣውን ልጅ ከወንበሩ ያስነሱታል። ደብተራችን ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምረንበት እንደነበር ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ሙባሪክ ይህንኑ ወደ ድብድብ ጌሙ አመጣው። በትንንሽ ቡጢ ጠጋ ጠጋ ማለት ለእሱ "ወታደር መግፋት" ነው። ሆን ብሎ አንድ ካልቾ ቀምሶ ባላጋራን ማስጠጋት "መስዋዕት"። ባላጋራ ከላይ ልመክት ወይስ ከታች ብሎ የሚጨነቅበት አቋም ደግሞ "ሹካ"፣ በአንዴ ሁለት ቦታ ይወጋልና። ከላይ የሚወርደውን ትልቁን እርግጫ ከመልቀቁ በፊት "ቼክ!" ይላል። "ጋሼ፣ ጌም ላይ ማን ይናገራል?" ብለው የሳቁበት ወጣቶች ቀስ በቀስ ራሳቸውም መናገር ጀመሩ።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ኪዱ የሚባል የወልቂጤ ሞባይል ጠጋኝ ሸንኮራ እያኘከ ገባ። ያኘከውን ወለሉ ላይ እንትፍ አለ።

"ቼክ የሚሉት ሰውዬ እርስዎ ነዎት? ወልቂጤ ድረስ ይሳቅብዎታል እኮ!"

"መጀመሪያ ሰላም ይባላል" አለ ሙባሪክ።

"ሰላም ነው። ካሸነፍኩ ያንን ቼዝ ይዤ እሄዳለሁ። ካሸነፉኝ እኔም ወልቂጤ ላይ ቼክ እያልኩ እጫወታለሁ። ፈሩ?"

ቤቱ በሙሉ ሙባሪክን አየ። "ሦስት ዙር" አለ እሱ።

ኪዱ የሚያውቀው አንድ ቁልፍ ነው። ጠረባ፣ ጠረባ፣ አሁንም ጠረባ። ሙባሪክ "ቼክ!" ሲል ከላይ ይመክትና እየሳቀ መልሶ ይጠርበዋል። "ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ ጋሼ!" የመጀመሪያውን ዙር በዚህ ወሰደ። ማየቱ ራሱ ያንገሸግሽ ነበር።

በየዙሩ ጆይስቲክ መቀያየር የቤቱ ደንብ ነው፤ በቼዝ ነጭና ጥቁር እንደሚቀያየረው። ሙባሪክ የኪዱን ሲቀበል ፊቱ ተኮማተረ። የሸንኮራው ውሃ ቁልፎቹን አጣብቋቸዋል። እንደምንም ሁለተኛውን ዙር አሸነፈ። ለሦስተኛው ሲቀያየሩ ያኛውም ተጣብቆ ነበር።

ሁለቱንም ለመጣል አንድ ምት ብቻ ቀረ። ሙባሪክ ቼዙን ቀና ብሎ አየ።

"ቼክ!"

ኪዱ ከላይ መከተ። እርግጫው አልመጣም። ሙባሪክ ዝቅ ብሎ ጠረበው።

ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ኪዱ በሳቅ ፈረሰ፤ የሙባሪክንም ትከሻ በዚያው ሸንኮራ ባጣበቀው እጁ መታ መታ አደረገ። "ዋሹኝ እኮ ጋሼ! በቃ፣ አሁን ገና ጌም ገባዎት! ለካ እንደኔው ነዎት!"

ሙባሪክ ደጅ ወጥቶ ከጀሪካኑ ውሃ እየቀዳ እጁን በሳሙና ታጠበ። ደገመ። ሦስተኛ ሲጀምር ጠጋ ብዬ "ይበቃል፣ ጸድቷል" አልኩት።

"አይለቅም" አለኝ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እንዲህ አድርጌ አላውቅም። እሳቸው ቢያዩኝ ከወንበሩ ያስነሱኝ ነበር።"

ሳሙናውን ኪሱ ከቶ ተመልሶ ገባና ቼዙን ከመደርደሪያው አውርዶ በፌስታል አስገባው። ለኪዱ ዘረጋለት።

"እንዴ! ያሸነፉት እኮ እርስዎ ነዎት።"

"ቼክ አልኩ፣ ቼክ አልነበረም። ተሸንፌያለሁ።"

ወጣቶቹ "ኧረ ጋሼ! ኧረ ወላሂ አይሆንም!" አሉ። አልሰማቸውም። ኪዱ የሚስቅ መስሎ ዙሪያውን አየ፤ አብሮት የሳቀ አልነበረም። ፌስታሉን ተቀብሎ ውስጡን ተመለከተ።

"ይሄ ፈረስ ምነው አንገቱ ተጣመመ?" አለና እጁን ሰደደ።

ሙባሪክ ክንዱን ያዘው። ሳሙናውን ከኪሱ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

"ውሃው ደጅ ነው። ታጥበህ ንካው።"