ሁለት ጠመንጃ በአንድ ትከሻ

የዝይ መንጋ በላዬ ሲያልፍ የሚያሰማው ጩኸት፣ ያ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ የሚመስለው ድምፅ፣ ዛሬ በምኖርበት በዚህ በሩቁ የሰሜን አገር ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ከሰማይ ሲወርድ፣ መንገደኛው ሁሉ ቀና ብሎ እያየ ፈገግ ይላል፣ እኔን ግን ትከሻዬን ይከብደኛል። የተሸከምኩት ነገር ኖሮ አይደለም፤ የተሸከመው አባቴ ነበር፣ እኔ ከኋላው እየተከተልኩ ጀርባውን ሳይ ነው ያደግኩት።

በዘጠናዎቹ ዓመታት ቤታችን ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ነበር። አባቴ ከማል ታክሲ ይነዳ ነበር፣ እናቴ ዘይነባ እንግልውድ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር፣ ቅዳሜም ሥራ ስለምትገባና እኔን የምትተውበት ሰው ስላልነበራት ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር እውል ነበር። ቅዳሜ ደግሞ የጋሽ ነስሩ ቀን ነበር። ጋሽ ነስሩ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከእኛ ብዙ ቀድመው መጥተው፣ አውሮራ ላይ ሱቅ ከፍተው፣ ቤት ገዝተው፣ በኋላም እኛን ያስመጡን እሳቸው ነበሩ። ዛሬም «እሳቸው» እያልኩ የምጽፈው እናቴ እንደዚያ ስላሳደገችኝ ነው እንጂ ልቤ አዞኝ አይደለም።

መስከረም አልፎ ብርዱ ሲጀምር ጋሽ ነስሩ ዳክዬና ዝይ ለማደን ይወጡ ነበር። ልጅ ሳሉ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ሎሌ ያስከተሉ ሰዎች ሲያድኑ አይተው ነበርና፣ «ትልቅ ሰው ይተኩሳል እንጂ አይሸከምም» ማለት ይወዱ ነበር። አባቴንም ብቻዬን አልወጣም ብለው የአደን ላይሰንስ እንዲያወጣ፣ አንዲት ያገለገለች ቀጭን ሾትገንም እንዲገዛ አደረጉት። የመጀመሪያው ቀን ከብራይተን አልፈን፣ ፕላት ወንዝ ዳር መኪናውን ፓርክ አድርገን ስንወርድ፣ አባቴ የራሱን ጠመንጃ አንግቶ እጁን ወደ ጋሽ ነስሩ ጠመንጃ ዘረጋ።

«ይምጣ ጋሽ ነስሩ፣ እኔ ልያዝልዎ።»

ይህ በእኛ ዘንድ የወግ ቃል ነው፤ ታላቅ ሰው ሸክም ይዞ ታናሽ ባዶ እጁን አይሄድም፣ ታላቁም በበኩሉ «ኧረ ተው፣ አይከብደኝም» ብሎ አንድ ሁለቴ ይከላከላል፣ ከዚያ ተጋግዘው ይሄዳሉ። ጋሽ ነስሩ አንዴም አልተከላከሉም። ጠመንጃውን ሰጡት፣ ወፍ ለማታለል የሚደረደሩት የፕላስቲክ ዝይዎች ያሉበትን ጆንያ ጨመሩለት፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቀድመው ሄዱ። አባቴ በገዛ አንደበቱ ተያዘ።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምንሄደው፤ ጋሽ ነስሩ እጃቸውን አጣጥፈው ከፊት፣ አባቴ ሁለት ጠመንጃ ግራና ቀኝ አንግቶ ከመሃል፣ እኔ ከኋላ። ወፎቹ ሲመጡ ዞረው ሳያዩ እጃቸውን ወደ ኋላ ይዘረጉ ነበር፣ አባቴም ጠመንጃቸውን ያቀብላቸው ነበር፤ ተኩሰው ሲጨርሱ መልሰው ለእሱ አስይዘው ይቀመጡ ነበር፣ እሱም የጎማ ቦቲውን አድርጎ ውሃው ውስጥ እየገባ፣ ነፍሱ ያልወጣውን ወፍ «ቢስሚላህ» ብሎ እያረደ፣ ጣቱ እስኪደነዝዝ ይለቅም ነበር። የራሱን ጠመንጃ የሚተኩስበት ጊዜ አልነበረውም። አንድ ቀን አንዲት ዝይ ለብቻዋ በላያችን ስታልፍ የራሱን ሊያነሳ ቢል፣ «ተው ተው፣ አንተ ከተኮስክ የኔን ማን ይይዛል?» ብለው ሳቁበት። «አንዱ ለመተኮስ ይፈጠራል፣ አንዱ ለመሸከም። የአላህ ሥራ ነው።» አላህን ለእንዲህ ያለ ነገር መጥራታቸው በልጅ ልቤ ያንገበግበኝ ነበር።

ማታ እናቴ ዝይዋን በበርበሬ አቁላልታ፣ ፈረሰኛውን ለወንድሟ፣ አንገትና ክንፉን ለእኛ ታቀርብ ነበር። አየር ማረፊያ ወረፋ የሚጠብቁት የአባቴ ታክሲ ነጂ ጓደኞች ደግሞ ዳክዬ መብላቱን ሰምተው «ከማል፣ ዛሬስ ላባውን ዋጥከው?» እያሉ ይስቁበት ነበር፣ ከሥጋው ብዙም እንደማይደርሰው ግን አይነግራቸውም ነበር። አባቴ ነገሩ ከብዶት አንድ ቃል ቢተነፍስ እናቴ «ወንድምጋሼ ባይኖሩ የት ነበርን?» ትለው ነበር፣ በዚያ ጥያቄ ወሬው ሁሉ ይዘጋ ነበር።

በረዶው በመጣ ጊዜ አባቴ የዜግነት ቀጠሮ እየጠበቀ ነበር። ዜግነት ካላገኘ ደሴ ያለችውን እናቱን ማስመጣት አይችልም ነበር፣ እሷም ዓይኗ እየደከመ ስለነበር «ፊትህን ሳልጋረድ ልየው» እያለች ታስልክበት ነበር። አንዲት የቅጣት ወረቀት እንኳ ነገሩን ታበላሻለች ብለው ሰዎች ስላስፈራሩት፣ ቢጫ መብራት ገና ከሩቅ ሲያይ ፍሬን ይይዝ ነበር፣ ከኋላው ክላክስ ቢያንባርቁበትም ግድ አልነበረውም። ጋሽ ነስሩ ግን በዚያው ሰሞን ጋራዣቸው ውስጥ ጠመንጃቸውን ፈተው፣ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይጎርስ ሕጉ የሚያዘውን የእንጨት መወተፊያ አወጡና ጣሉት።

«ጋሽ ነስሩ፣ ሕጉ እኮ…» አለ አባቴ።

«አንተ ነህ ለእኔ የዚህን አገር ሕግ የምታስተምረኝ? ሦስት ጥይት የሴት ነው።»

ረመዳን ነበር፣ ቅዳሜ ነበር። አባቴ ጾሙን ይዞ፣ በረዶው እስከ ቅልጥሙ እየዋጠው፣ ሁለቱን ጠመንጃ ተሸክሞ ወንዙ ዳር ደረስን፤ እኔም በዚያ ዓመት ገና ጾም መለማመዴ ነበርና ከንፈሬ ደርቆ ነበር። ጋሽ ነስሩ በቀን የተፈቀደላቸውን ቁጥር ገድለው፣ «የቀረው በከማል ይቆጠራል» ብለው ቀጠሉ፣ ከዚያም አለፉ። አረንጓዴ ፒክአፕ ከሜዳው ማዶ ብቅ ሲል ጠመንጃቸውን አባቴ እጅ ላይ ወርውረው ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና ሙስበሃቸውን አውጥተው ዶቃውን መቁጠር ጀመሩ።

የመጣው የአደን ተቆጣጣሪ ረጋ ያለ፣ ጢሙ ላይ በረዶ ያረፈበት ሰው ነበር። ወፎቹን አየ፣ ሁለት ጠመንጃ የያዘውን አባቴን አየ፣ ሙስበሃ የሚቆጥሩትን ሽማግሌ አየ። ወፍራሙን፣ የጋሽ ነስሩን ጠመንጃ ተቀብሎ አራግፎ ጥይት ሲያጎርሰው ሦስተኛው ገብቶ አራተኛው ተከተለ፣ ፊቱ ተለወጠ። የማን ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ነስሩ ከባልዲያቸው ሳይነሱ በዚያ በለሰለሰ እንግሊዝኛቸው መለሱለት፤ ሁለቱም ጠመንጃ የእህቴ ባል ንብረት ነው፣ እኔ አሮጌ ሰው ነኝ፣ ለማየት ነው የመጣሁት፣ ሕጉን ስለማያውቅ ይቅር በለው አሉት። አባቴ እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንበት የተመሰገነ መስሎት ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ወዲያው የተቆጣጣሪውን ፊት አይቶ ጠረጠረ። «ራህማ፣ ምንድን ነው ያሉት?» አለኝ።

«ልጅቱን ተዋት» አሉ ጋሽ ነስሩ። «ጨርሼልሃለሁ። ዝም ብለህ የሚሰጥህን ፈርም።»

«አባዬ፣ ሁለቱም ጠመንጃ ያንተ ነው አሉት። እኔ ለማየት ነው የመጣሁት አሉት።»

«ይቺ ምላሰኛ! ማን ጠየቀሽ አንቺን?»

አባቴ ወደ እሳቸው ዞረ። «ጋሽ ነስሩ፣ በጾም አፍዎ?»

«አንዲት ወረቀት ናት፣ ከፍለህ ትገላገላለህ። እኔ ሱቅ አለኝ፣ ስም አለኝ።»

«እኔ እናት አለችኝ» አለ አባቴ።

ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሮ በዚያ ለተሳፋሪ ብቻ በሚበቃ እንግሊዝኛው ወፍራሙን ጠመንጃ፣ ከዚያ ጋሽ ነስሩን እያመለከተ፣ «ሂዝ ጋን። አይ ካሪ። አይ ኖ ሹት» አለ። ተቆጣጣሪው ግራ ገባው። ለምን የሌላ ሰው ጠመንጃ ትሸከማለህ ብሎ ቢጠይቅ አባቴ «ታላቄ ስለሆኑ ነው በይው» አለኝ፣ አልኩት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ የተሳሳትኩ ይመስል ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ ነገርኩት፣ በእኛ ዘንድ ታናሽ ለታላቁ ይይዛል አልኩት፤ ሙሉ ሰው፣ ጢም ያወጣ ሰው፣ በበረዶ ውስጥ የሌላ ሙሉ ሰው ጠመንጃ የሚሸከመው በዕድሜ ስላነሰ ብቻ መሆኑ ሊዋጥለት አልቻለም። በመጨረሻ የአባቴን ቀጭን ሾትገን ከፍቶ በአፈሙዙ ወደ ሰማይ ቢያይ፣ ጥይት ያላለፈበት ዘይቱ ሳይነካ ያብረቀርቃል። ሁለቱንም ኪሳችሁን አሳዩኝ አላቸው። ወፍራሞቹ ጥይቶች ከጋሽ ነስሩ ካፖርት እየተንከባለሉ ወጡ፤ ከአባቴ ኪስ የወጡት ቀጫጭኖቹ ብቻ ነበሩ። ወረቀቱ ለጋሽ ነስሩ ተጻፈ፣ ጠመንጃቸውና ወፎቹም ተወሰዱ።

ወደ አውሮራ ስንመለስ ጋሽ ነስሩ መንገዱን ሙሉ ተሳደቡ። «ውለታ በላ! ልጅህንም ሰላይ አድርገህ ነው ያሳደግካት።» አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። እኔም ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ እግራቸው እንዲሰበር ለመንኩ። ደጃቸው ስንደርስ አባቴ ከኋላ የመኪናውን ትራንክ ከፍቶ ቆመ፣ ጆንያውንም ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ጎትተው አስገቡት።

ኢፍጣር ላይ እናቴ ተምሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሳትቀምስ ቆመች። በስልክ ሰምታ ነበር። «ወንድሜን ለነጭ አሳልፈህ ሰጠህ! የሳቸው ጠመንጃ ከበደህ? አንተን ከነልጅህ ተሸክመው ያመጡህ እሳቸው አልከበዳቸውም!» አባቴ ውሃውን ጠጥቶ ለሶላት ተነሳ። ያን ረመዳን፣ ከረመዳንም ወዲያ በረዶው ከቀለጠ በኋላም፣ እናቴ ሾርባውን ፊቱ አኑራ ወጥ ቤት ገብታ ለብቻዋ ታፈጥር፣ ለብቻዋ ትበላ ነበር፤ በእኔ በኩል ካልሆነም አይነጋገሩም ነበር፣ «አባትሽን የቤት ኪራይ ከፈልክ ወይ በዪው» ትለኝ ነበር፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ።

ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡ ሽማግሌዎች ሳሎናችን ተሰበሰቡ። ጋሽ ነስሩ ሶፋው መሃል ተቀምጠው የሚፈልጉትን ተናገሩ። «ጥፋቱን አምኖ፣ አደን ሲከፈት እንደ ድሮው ጠመንጃዬን ይያዝልኝ። ከዚያ በቀር የምጠይቀው የለም።» ሽማግሌዎቹ ቀለላቸው። «ይቺማ ምን አላት ከማል፣ ለታላቅህ መያዝ ወግህ ነው» አሉት። እናቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር፣ ዓይኗ እምቢ እንዳይል ይለምነዋል፣ ያስፈራራዋልም። አባቴ ተነስቶ የጋሽ ነስሩን ትከሻ ሳመ።

«ጋሽ ነስሩ፣ ያስመጡኝ እርስዎ ነዎት፣ አልክድም። ቢታመሙ አስታምምዎታለሁ፣ ቢሞቱ ጀናዛዎን እሸከማለሁ። ጠመንጃዎን ግን አልሸከምም።»

«ጀናዛዬን ተመኘህ?» ብለው ጋሽ ነስሩ ከት ብለው ሳቁ፣ ሽማግሌዎቹን ሳይሰናበቱ ወጡ። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው።

አባቴ በዚያው ጸደይ ቃለ መሐላውን ፈጸመ፣ እናቱም በዓመቱ መጥታ ፊቱን በእጇም በዓይኗም ዳሰሰችው። መሐላውን በፈጸመበት ዓመት ቅጠል ሲረግፍ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ቀጭኗን ሾትገን አንግቶ እኔን አስከትሎ ሲወጣ፣ እናቴ ከመኝታ ቤት ሆና «በርበሬ ልደልዝ ወይስ ባዶ እጅህን ነው የምትመጣው?» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ የኢፍጣር ማታ ወዲህ በራሷ አፍ ስታናግረው ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮዬ የሰማሁት ያን ቀን ነበር። ለጋሽ ነስሩ ግን እስከ መጨረሻው እሷው ብቻዋን አውሮራ እየሄደች ምግብ ታደርስላቸው ነበር፤ እሳቸውም እኔን «ሰላይዋ ደህና ናት?» እያሉ ይጠይቋት ነበር።

ጋሽ ነስሩ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። አባቴ፣ ጉልበቱ እያመመው፣ ጀናዛቸውን ከፊት ሆኖ ተሸክሟል፤ እኔ አልነበርኩም፣ በስልክ ነው የሰማሁት። ሙት አይወቀስም፣ እኔም ጁምዓ ጁምዓ ለሟቾቼ ዱዓ ሳደርግ ስማቸውን እጠራለሁ፣ ከፍ አድርጌ፣ ልጆቼ እየሰሙ። ያኔ ከኋላ ወንበር ላይ እግራቸው እንዲሰበር በለመንኩ ጊዜ ቃሉ ሳላፈላልገው በራሱ ነበር ከአፌ የወጣው፤ አሁን ምሕረት ስለምንላቸው እያንዳንዱን ቃል አፈላልጌ ነው የማወጣው፣ አሚን ለማለትም ከልጆቼ ኋላ እቀራለሁ።