የአስተርጓሚዋ መንጋጋ

የውብዳር በእንቅልፏ ጥርሷን እንደምታፋጭ የነገረቻት ልጇ ናት። ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር በተከራዩት አንድ ክፍል ቤት አልጋቸው ጎን ለጎን ነው። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ሚልካ ፈተና ሲደርስባት፣ «ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ድንጋይ የምትፈጪ ነው የሚመስለው፤ መተኛት አልቻልኩም» አለቻት። የውብዳር አላመነችም። ሚልካ በስልኳ ቀድታ ቁርስ ላይ አሰማቻት። እናትየው እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ይሄ እኔ ነኝ?» ብላ የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች።

የውብዳር አስተርጓሚ ናት። ዌስትላንድስ በሚገኝ አንድ ቢሮ፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች ለጠበቃ የሚናገሩትን ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። የሙያው ደንብ «እሱ እንዲህ አለ» ማለትን አይፈቅድም፤ ሰውየው «ገረፉኝ» ካለ እሷም «ገረፉኝ» ትላለች። እንዲህ ስትል አሥራ አንድ ዓመት ሆናት።

መጀመሪያ ከፋርማሲ፣ በፈላ ውሃ አለስልሰው በጥርስ ነክሰው የሚቀርጹትን፣ ሌሊት ጥርስ ላይ የሚደረግ ለስላሳ መከላከያ ገዛች። ሦስት ሳምንት ያህል ተገላገልኩ ብላ ነበር። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት መንጋጭላዋ አልከፈት አላት፤ መከላከያው ተበስቷል። ለካ እንደ ማስቲካ ስታኝከው ነው የምታድረው። በዚያው ሰሞን የአንድ መንጋጋዋ ጫፍ ተሸረፈ።

ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለች የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሚልካ አብራት ሄደች። ዶክተር ዋንጂሩ አፏን አየችና በስዋሂሊ አይዞዎት ስትል «ፖሌ፣ ማማ ሚልካ» አለቻት። ሁለት ናሙና አምጥታ በእጇ አስያዘቻት።

«ለስላሳው ቶሎ ይለመዳል፤ እርስዎ ግን ይበሉታል። ጠንካራው በጥርስዎ ልክ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ ያስቸግራል።»

«ጠንካራው ማፋጨቱን ያስቆመዋል?»

«አያስቆምም፤ ጥርስዎን ያተርፋል እንጂ። ለመሆኑ ቀን ምን ሲሠሩ ይውላሉ?»

የውብዳር ናሙናውን አገላበጠች። «የሰው መከራ የራሴ አስመስዬ አወራለሁ» አለች።

ሚልካ ዞር ብላ አየቻት። እናቷ ስለ ሥራዋ እቤት አንድም ቀን አንስታ አታውቅም።

የውብዳር ጠንካራውን መረጠች። የመጀመሪያውን ሳምንት ምራቋ ትራሷን አራሰው፤ ሁለቴም በእንቅልፍ ልቧ አውጥታ ወርውራው ከአልጋ ሥር ተገኘ። ሐኪሟ በግራ በኩል የሚጫናትን ሞርዳ አስተካከለችላት። ከዚያ ወዲያ ለመደችው።

በስድስተኛው ወር ለምርመራ ስትመለስ ጥርሷ ደህና ነበር። መከላከያው ግን ጭረት በጭረት ሆኗል። ዶክተሯ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አሳየቻት። «ይሄ ሁሉ ጥርስዎ ላይ ያርፍ ነበር።»

በማግስቱ የውብዳር አለቃዋ ዘንድ ገብታ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሰነድ ብቻ እንድትተረጉም ጠየቀች። አለቃዋ ሰው የለኝም ብሎ አንድ ቀን ፈቀደላት። ተቀበለች። አሁን ዓርብ ዓርብ የልደትና የጋብቻ ወረቀት ስትተረጉም ትውላለች። ማፋጨቱ አልቀረም። ሚልካ እንደምትለው ከሆነ ግን ዓርብ ማታ አንዳንዴ ጸጥ ብላ ታድራለች።