ሮሳን ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ነግሬያቸው፣ ስግደት አዘውልኝ ፈትተውኛል። ይህችን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ምን ብዬ ልናገር? አልሰረቅሁ፣ አልገደልኩ። የአንዲት እናትን አፍ ነው የዘጋሁት።

ለንደን፣ ስቶክዌል የሚባል ሰፈር፣ አንድ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ እሠራ ነበር። ሮሳ የምትባል፣ ከኢኳዶር የመጣች የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ትንሿን ልጇን ካሚላን ታመጣልን ነበር። በር ላይ ጫማዋን እያወለቀችላት በስፓኒሽ ታጫውታታለች፤ ልጅቷም በኮልታፋ አንደበቷ ትመልስላታለች። ሲሳሳቁ ሳይ አንጀቴ ይቃጠል ነበር። ለምን? የራሴን ልጅ «እንግሊዝኛው እንዳይበላሽበት» ብዬ አማርኛ ነፍጌ ያሳደግኩ ነኛ! ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ «ልጅሽ እኮ ቁርጥ እንግሊዝ ነው» ሲሉኝ እኮራ ነበር። ቤት ስንገባ ግን ከሰላምታ የሚያልፍ ወሬ አልነበረንም።

አንድ ቀን ሮሳን ጠርቼ፣ በስልኬ ወደ ስፓኒሽ እያስተረጎምኩ፣ «በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሪያት፤ አለበለዚያ ግራ ይገባትና አፏን ሳትፈታ ትቀራለች» አልኳት። ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ልጅ በእናቱ ቋንቋ በደንብ ከተወራለት ሌላውም እንደሚቀለው ሥልጠና ላይ ተምሬያለሁ። አውቄ ነው ያልኩት። በምቀኝነት ነው ያልኩት።

ሮሳ አመነችኝ። እንግሊዝኛዋ ከ«ካም ሂር» እና ከ«ኖ» ብዙም አያልፍምና ዝም አለች። ካሚላም ቀስ በቀስ ዝም አለች፤ የፈለገችውን በጣቷ እየጠቆመች ማልቀስ ሆነ ሥራዋ። እኔም በየቀኑ አየሁ። «ተሳስቻለሁ፣ እንደ ድሮሽ አጫውቻት» ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? አፌ ላይ እየመጣ ዋጥኩት።

በቅርቡ አውቶቡስ ውስጥ አገኘኋቸው። ካሚላ አድጋለች፤ እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ገብታ ለምዳዋለች። ሮሳ በስፓኒሽ አንድ ነገር ስትነግራት «ዋት፣ ማም?» አለቻትና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ሮሳ ደግማ አልሞከረችም። እኔን ስታይ ግን ፊቷ በራ፤ እጄን በሁለት እጇ ይዛ በሰባራ እንግሊዝኛዋ፣ «ቲቸር፣ ልጄ ጎበዝ ሆነች። ባንቺ ምክር ነው። እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለችኝ።

«ምንም አይደል» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኩት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን አልበደልኩም። ይቅር ማለት የምትችለው ሮሳ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ዛሬም ትመርቀኛለች።