የወላዋይ ጭነት

የአባቴ ሱቅ በር ነፋስ በመጣ ቁጥር እየተማታ አላስቀምጥ ሲለኝ፣ ባለፈው ሳምንት የምደግፍበት ነገር ፍለጋ ጓዳ ገብቼ ከተበሳሱ ጆንያዎች ሥር አንድ ጎበጥ ያለ ረጅም ብረት ጎትቼ አወጣሁ። የአሮጌ ግራሶ ሽታው ገና አልለቀቀውም። የልጅ ልጆቼ እስኪስቁብኝ ድረስ ብረቱን ታቅፌ ቆምኩ። የወላዋይ ባሌስትራ ነበር።

ወላዋይ የታላቅ ወንድሜ የሰዒድ መኪና ናት። ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ፣ ከአባባ ጋር ጨርቅና ስኳር መሸጥ ያንገሸገሸው ሰዒድ፣ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ጣሊያን ሳይገጥማት የተዋትን፣ በሳጥን ተፈታታ የመጣች ትንሽ መኪና ገዝቶ ደብረ ማርቆስ ግቢያችን ውስጥ ዘረገፋት። እኔና ሁለቱ ታናናሾቼ ብሎኗን እንደ ሽምብራ ከጭቃ እየለቀምን ስናቀብለው ክረምቱ አለቀ። የኋላ ባሌስትራዋ፣ ያ ተደራርቦ መኪናን የሚሸከመው ብረት፣ ከሳጥኑ ውስጥ ጠፍቶ ነበር፤ ሰዒድ ግን ምን ገዶት፣ ከወደቀ የጭነት መኪና ፈትቶ አመጣና ገጠመላት። ጎረቤቱ ሁሉ ይህስ ዕድሜ ልክ አይሰበርም ብሎ መረቀለት።

ተነሥታ ሄደች፤ ሄዳም ቂጧን መጣል ጀመረች። ኮረኮንች ላይ ከኋላዋ እንደ ፌንጣ ትዘላለች፤ ኩርባ ላይ ደግሞ ፊቷ በየሳምንቱ ወደምትሄድበት ወደ ሮብ ገበያ ከተማ፣ ጀርባዋ ወደ ገደሉ ይሆናል። ወላዋይ ብሎ ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው።

አንድ ሮብ ቀን ውሰደን ብለን አልቅሰን ከኋላ ስንሳፈርባት ግን አደብ ገዛች። ከዚያ ወዲህ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ጭነቷ እኛ ሆንን። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጥርሳችንን እያንገጫገጨው፣ ኩርባ ስንደርስ ሰዒድ «ወደ ቀኝ!» ብሎ ይጮኻል፤ እኛም ተያይዘን፣ እየተንጫጫን፣ ወደ ቀኝ እንወድቃለን። በሕይወቴ እንደዚያ የተፈለግሁበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

ወሬው አባባ ጆሮ ደረሰ።

«ልጆቼን እንደ አሞሌ ጨው ትጭናቸዋለህ? ወላሂ አልፈቅድም! የፊታችን ሮብ ባዶዋን ሳትወላውል ደርሳ ትመለስ፤ አለዚያ ሽጣትና ሱቅህ ግባ።»

«እሺ አባባ፣ እንዳሉ» አለ ሰዒድ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

በዚያ ሳምንት ማናችንም አንድ ቦታ አርፈን አልተቀመጥንም። ሰዒድ ምግቡን እንደቆመ ጎረሰ፤ እኔ ከሱቅ ግቢ፣ ከግቢ ሱቅ ተመላለስኩ። ሰዒድም የነጋዴ ልጅ አይደል፣ በእኛ ቤት የሚወላወል ጭነት መድኃኒቱ አጥብቆ ማሰር ነውና፣ በባሌስትራው ላይ ሌላ ብረት ደረበበት። ባሰባት። ሱቅ ውስጥ ሲገባ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ስለማውቅ ለእሱ ፈራሁ፤ ለሮቦቼም ፈራሁ።

የገበያው ቀን ሊደርስ ሲል፣ እሱ ከሥሯ ተጋድሞ ሳለ ጭንቀቴን መቻል አቅቶኝ ታናናሾቼን ይዤ ላይዋ ላይ ወጣሁ።

«ዘሃራ፣ ማነው የወጣው?» አለ ከታች።

«ሁላችንም።»

«ውረዱ እስቲ። ... ደግማችሁ ውጡ።»

ወጣን፣ ወረድን፣ ወጣን። ከሥሯ ሳቁን ሰማሁት፤ በዚያ ሳምንት የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። «ጠንክሮባት ነው እንጂ መች ላላባት! ብረቱ እናንተ ስትወጡ ብቻ ነው የሚያጎነብሰው!» ለከባድ ጭነት የተሠራው ብረት ትንሿን መኪናችንን ከነመኖሯም አላወቃትም ነበር። የደረበውን አወጣ፤ ከየጎኑ ሌላም ቀነሰ፤ አንዱን «ያዢልኝ» ብሎ ሰጠኝ።

ሮብ ዕለት ባዶዋን ሄደች። መንገድ ዳር ቆመን ስንቁነጠነጥ ዋልንና፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል፣ የመጨረሻውን ኩርባ እንደ ጨዋ ልጅ ቀስ ብላ ዞራ መጣች። አባባ ዙሪያዋን አያትና «ይሁን» አለ። ከሁሉም በላይ የዘለልኩት እኔ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ሮብ ሻሼን አስሬ ማንም ሳይቀድመኝ የወላዋይ በር ላይ ቆምኩ። ቦታችን ላይ የሳሙና ካርቶን እስከ ጣራው ተደርድሮበታል። ሰዒድ ጭንቅላቴን ዳበሰና በደስታ «ዘሃራዬ፣ አሁን እኮ እናንተን አትፈልግም፤ ድናለች!» አለኝ። እንድትድን ከማንም በላይ የተመኘሁት እኔ ነኝ፤ መዳኗ ይህን እንደሚያመጣ ግን ማን ነግሮኝ።

ቀስ በቀስ ሰዒድን ሮብ ገበያ ጠበበችው። ቁይ ሄደ፣ መርጡለ ማርያም ሄደ፤ በመጨረሻም ዓባይን ተሻገረና በዚያው ቀረ። አባባ እስኪሞት ድረስ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ከሱቁ ብቅ ይል ነበር።

ብረቱን በሩ ሥር አደረግሁት፤ በሩም ጸጥ አለ። እኔ ግን እስከ ዛሬ የማንም መኪና ላይ ብሳፈር ኩርባ ሲመጣ ገላዬ ሳላዘው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ይቅርታ ጠይቄው ቀና እስክል ድረስ፣ ያን የሰዒድን ጩኸት እጠብቃለሁ።